በሩ የተዘጋ ለቅሶ ቤት

ብርቅነሽ ወሬውን የሰማችው ለቀስተኛ ሸኝታ ደጇ ላይ እንደቆመች ነው። ልጇ ሀሌሉያ ስልኳን ይዛ ከኋላዋ መጣችና የሞዴል ፈተናው ነገ ጠዋት መሆኑን ነገረቻት። የባሏ የታረቀኝ ሣልስት የወጣው ገና ትናንት ነበር።

ሀሌሉያ የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ናት። ፈተናው በኢንተርኔት ስለሆነ የተላከላትን ደንብ ለእናቷ ቀስ ብላ አነበበችላት። ተፈታኝ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይሆናል፤ በሩን ይዘጋል፤ ካሜራውና ድምፁ እስከ መጨረሻው ክፍት ይሆናል። የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከተደገመ ፈተናው ይቋረጣል። ሞዴሉን ያልጨረሰ ደግሞ ለመውጫ ፈተናው አይመዘገብም።

ብርቅነሽ ቤቷን ዞር ብላ አየች። አንድ ክፍል ናት፤ የሐዘን ፍራሹ እንደተነጠፈ ነው። ጎረቤቷ ዓለምፀሐይ ጋ እንዳትልካት አራስ ልጅ አለ። ኢንተርኔት ቤት አይፈቀድም። የለቅሶ ቤት በር ደግሞ ማን ይዘጋል? ሰው ሳያንኳኳ ገብቶ ይቀመጣል፤ ዘግይቶ የሰማ እየጮኸ ይገባል። አዲሱ ገበያ የምትሸጠውን ሽንኩርት ጥላ የሰው ለቅሶ ስትደርስ የኖረች ሴት፣ አሁን ምን ብላ ትመልሳቸው?

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዓምሃ ነገሩ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ዘንድሮስ ለቀስተኛም በቀጠሮ ሆነ" አሉ። ግን በማግስቱ ማልደው መጥተው አግዳሚ ወንበሮቹን ከቤቱ ራቅ አድርገው መንገዱ አፍ ላይ ደረደሩ።

ሀሌሉያ በሩን ዘጋች። ብርቅነሽ ደጁ ላይ ቁጭ አለች። ከውስጥ ምንም አይሰማም፤ ያ ዝምታ ራሱ አስፈራት። መብራት ቢጠፋስ? ኔትወርክ ቢሄድስ? ለቀስተኛው እየመጣ አግዳሚው ላይ በሹክሹክታ ያወራል። አንዷ ከሸጎሌ የመጣች ዘመድ፣ ሐዘንተኛ በር ዘግቶ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም ስትል ብርቅነሽ ሰማቻት፤ እንዳልሰማች ሆነች።

ቦሰና ግን በመንገዱ አልመጣችም። የታረቀኝ ታናሽ እህት ናት፤ ሱሉልታ ሆና መርዶውን የሰማችው የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። በጓሮው በኩል እጇን በራሷ ላይ ጭና ብቅ አለች።

"ወንድሜን!"

ብርቅነሽ ሮጣ አቀፈቻትና ፊቷን ደረቷ ላይ አጣበቀችው።

"ቦሱ፣ በታረቀኝ አፅም ይዤሻለሁ፣ ዝም በይ። ልጅቷ እየተፈተነች ነው።"

"እርሜን ሳላወጣ?"

"እስክትጨርስ ብቻ። ድምፅ ከተደገመ ያባርሯታል።"

ቦሰና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። ብርቅነሽ አንድ ዓይኗ እሷ ላይ፣ አንድ ዓይኗ በሩ ላይ ሆነ።

በሩ ሲከፈት የሀሌሉያ ፊት በላብ ርሷል። ማስጠንቀቂያው አንዴ መጥቶባት ነበር። ቢሆንም ጨርሳለች፤ መልሷም መድረሱን ስልኩ ነግሯታል። ከዚያ አክስቷን አየችና ቆማ ቀረች።

ለቀስተኛው ተነስቶ ገባ። ቦሰናን ፍራሹ ላይ አስቀምጠው፣ እንግዲህ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ አሏት። እሷ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። ሴቶቹ ሊያግዟት ለቅሶውን ጀመሩላት፤ አልተቀበለችም። ውኃ ጠጣች፣ ሀሌሉያን ሳመቻት፣ ወደ ማታ ታክሲ ይዛ ሱሉልታ ተመለሰች።

የወንድሟን እርም ገና አላወጣችም።