የአባቴ ሁለት ሩጫዎች

ዘንድሮ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሥራዬ ሽንፈት ማንበብ ነበር።

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ስፖርት አቅራቢ ነኝ፣ በአማርኛ። በአፋን ኦሮሞ የምታቀርበው ጓደኛዬ ናት። ተራው ሁልጊዜ የሷ ስለሚቀድም እኔ ማይኩን ስይዝ ግማሹ ተማሪ ሰምቶ፣ ስቆ ጨርሷል። እሷ «አካም ቡልተን» ብላ ሰላምታ ትሰጥና የቡድናችንን ውጤት ስትናገር ከሰልፉ «ኡኡ!» የሚል ድምፅ ይነሳል። ቀጥዬ እኔ ያንኑ ሽንፈት እንደ አዲስ አቀርባለሁ። «ተሸነፈ» የሚለውን ቃል በየሳምንቱ መድገም ሲሰለቸኝ ሌላ ሌላ መፈለግ ጀመርኩ። «ነጥብ ጥሎ ተመለሰ።» «እጅ ሰጠ።» «ሦስት ግብ አስተናግዶ እንግዶቹን በሰላም ሸኘ።» ይቺን የመጨረሻዋን የአማርኛ አስተማሪያችን ሰምተው «ማን ነው የጻፈልሽ?» አሉኝ። «እራሴ ነኝ» ስላቸው ያመኑኝ አልመሰለኝም። በሚቀጥለው ሰኞ ግን የመምህራን ክፍሉን መስኮት ከፍተው ሲጠብቁኝ አየኋቸው። መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት እንዲህ ነው። ቡድናችን ቢያሸንፍ ኖሮ «አሸነፈ» ብዬ እቀመጥ ነበር።

ቡድኑ እዚሁ ሰበታ ያለ አንድ ፋብሪካ የሚያስተዳድረው ክለብ ነው። ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች ናቸው። ካምፕ ውስጥ አብረው ያድራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ዘንድሮ ደግሞ አብረው ተሸነፉ። አባቴ የክለቡ ወጌሻ ነው። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚሮጠው፣ ውኃ የሚረጨው፣ ቁርጭምጭሚት የሚያሸው ሰውዬ፣ እሱ ነው።

ትንሽ ልጅ ሆኜ አባቴን የማውቀው በበዓል በበዓል ነበር። ሥራው ሩቅ ከተማ ባሉ ክለቦች ነበርና ዶሮና በግ ሲገዛ ይመጣል፣ ሲያልቅ ይሄዳል። እዚህ ክለብ ከተቀጠረ ወዲህ ግን ቤቱ ያድራል። ማታ ማታ የማሻሻ ቅባቱ ሽታ ከበሩ ቀድሞት ይገባል፤ እናቴ «እጅህን ሳትታጠብ እንጀራ እንዳትነካ!» ትለዋለች። ለኔ አባት ያለው ቤት ማለት ይሄ ጭቅጭቅ ነው። ዓመቱ ሲጋመስ ታዲያ የፋብሪካው ሰዎች ስብሰባ ጠርተው፣ ቡድኑ ወደ ታችኛው ሊግ ከወረደ ክለቡ እንደሚፈርስ ተናገሩ። በዚያው ሰሞን ምሥራቅ በኩል ካለ ክለብ ለአባቴ ተደወለለት። እራት ላይ ነገረን።

«ከተረፍን እዚሁ ነኝ። ከወረድን እሄዳለሁ።»

እናቴ ጉርሻዋን ትሪው ላይ መለሰችና «በቃ፣ እኔም ኳስ ልማር ነዋ» አለች።

ተማረችም፣ ቤት ተቀምጣ ከአባቴ ወሬ። ግን ምን ያደርጋል፣ የተማረችበት ዓመት ሸክም ነበር። የሰበታው ሜዳ ጭቃ ስለሆነ «በሜዳችን» የምንለውን ጨዋታ ቡራዩ ሄደን መጫወት ጀመርን። ልምምዱም ገፈርሳ ግድቡ አጠገብ ሆነ፤ ጠዋት ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ የጡንቻ መሸማቀቅ በዛ፣ አባቴ ጣቶቹ እስኪያብጡ አሸ። አሠልጣኝ ተቀየረ። አዲሱ መጥቶ ልጆቹን ፉሪ ዳገት ለዳገት አስሮጣቸውና ጨዋታ ላይ መሮጥ አቃታቸው። ፍፁም ቅጣት ምት አግኝተን ሰማይ ላይ ሰቀልነው። አንድ ጊዜማ በራሳችን ላይ አግብተን ለጥቂት ሰከንድ ያገባነው መስሎን ጨፈርን። መስከረም ላይ ደጋፊውን ሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ አይችለውም ነበር፤ ግንቦት ላይ አንድ ሚኒባስ ሰፋን። ሰው ተናዶ አይደለም የቀረው። ደክሞት ነው። መናደድም እኮ ጉልበት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ሁለት ሩጫዎች መናገር አለብኝ። እየተመራን ከሆነ ተጫዋች ገና ሳይወድቅ ተነስቶ እንደ ሚዳቋ ይፈተለካል፣ ሰዓት እንዳይባክን። እየመራን ከሆነ ደግሞ ሌላ ሩጫ አለው። ጉልበቱ ይነሳል፣ ክንዱ ይወዛወዛል፣ ቦርሳው ይዘላል፣ ሰውዬው ግን ወደፊት አይሄድም። ደጋፊው «ሶምሶማው» ይለዋል። ዘግይቶ የመጣ ሰው ውጤት አይጠይቅም፤ የአባቴን አሯሯጥ አይቶ ይረዳል። ዘንድሮ ሶምሶማው ጠፋ። ዓመቱን ሙሉ ስንመራ... ማለቴ እኛ መርተን ሳይሆን ተመርተን ስለከረምን፣ አባቴ በፈጣኑ ሩጫ ብቻ ከሳ። እናቴ ሱሪውን ሁለት ጊዜ አጠበበችለት።

የመጨረሻው ጨዋታ ቅዳሜ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። እንደኛ ላለመውረድ የሚታገል አንድ ቡድን አለ፤ እሱም በዚያው ቀን፣ በዚያው ዘጠኝ ሰዓት ሱሉልታ ላይ ይጫወታል። እነሱ ከተሸነፉ ለእኛ አቻ ይበቃናል። ካልተሸነፉ ግን የግድ ማሸነፍ አለብን።

እናቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ መጣች። ሚኒባሱ ውስጥ አስጨፋሪያችን ከበሮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከፊታችን ተቀምጧል። ሥራው ልብስ ስፌት ነው፤ የቡድኑን ባንዲራ የሰፋውም እሱ ነው።

«አንተ፣ ከበሮውን ለምን ያዝከው? ለቀብሩ ነው?» አለው ከኋላ አንዱ።

«ዝም በል ባክህ! ዛሬ አንተን ነው የማስጨፍርህ። ወገብህን አዘጋጅ።»

«ወገቤንማ መስከረም ላይ ጨርሰኸዋል።»

ሜዳ ስንደርስ እናቴ «የእኛ የትኞቹ ናቸው?» አለችኝ።

«ቢጫዎቹ።»

ትንሽ አየችና «ታዲያ ለምንድን ነው ወደ ራሳቸው ጎል የሚሮጡት?» አለች።

«ሲያጠቁን ነዋ፣ እማ።»

«ሁልጊዜ?»

መጀመሪያ ገባብን። ከዕረፍት በኋላ ከኮርና የመጣውን ኳስ አምበላችን በግንባሩ ገጨና አንድ ለአንድ ሆነ። እናቴ የማታውቀውን ሰውዬ አቀፈች። ከዚያ የሁሉም ልብ አንድ ቦታ ሄደ። «ሱሉልታስ?»

አስጨፋሪው ስልኩን አወጣ። የሚስቱ ወንድም ሱሉልታ ሜዳ ውስጥ ነበር። አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ይጮሃል።

«ሄሎ! ሄሎ! አይሰማም! ስንት ለስንት ናቸው? ... አለቀ? ... ሁለት ለባዶ ተሸነፉ?»

ስልኩን ወደ ሰማይ ወረወረና መልሶ ቀለበው። ከበሮው ከዚያ በኋላ አልቆመም። «ተሸንፈዋል! አልቋል! አቻ ይበቃናል!» ወሬው ከደጋፊ ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር፣ ከወንበሩ ወደ ሜዳ ደረሰ። የኛ ጨዋታ ገና ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀረው ነበር። እኩል ሰዓት የጀመረ ጨዋታ እዚያ እንዴት ቀድሞ ያልቃል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ አሠልጣኙም፣ ጋዜጠኛ ነኝ ባይዋ እኔም ጭምር። ዓመቱን ሙሉ መጥፎ ወሬ ስትቀበል ከርመህ አንድ ደግ ወሬ ሲመጣ መታወቂያ አትጠይቀውም።

አሠልጣኙ አጥቂ አስወጥቶ ተከላካይ አስገባ። ኳስ ወደኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ አጥር ውጪ ሆነ። ከዚያ በረኛችን ማንም ሳይነካው ባቱን ይዞ ተዘረጋ። አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። ሰዉ ሁሉ እሱን ነበር የሚያየው።

«ቀስ በል ወጌሻ! ቀስ በል ወጌሻ!» ከበሮው ተከተለ።

አባቴ ሶምሶማውን ጀመረ። አምላኬ! ጉልበቱ ተነሳ፣ ክንዱ ተወዛወዘ፣ ቦርሳው ዘለለ። መሀል ሜዳ ሳይደርስ ቆሞ የጫማውን ክር አሰረ። ውኃውን የረሳ መስሎ ተመለሰ። ዳኛው ሰዓቱን እያሳየ ይጮሃል፤ አባቴ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን አልከኝ?» ይለዋል። ዓመቱን ሙሉ እንዲያ ደስ ብሎት አላየሁትም። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ እስክታነባ ሳቀች።

«እንዲህ ዓይነት ሰው ነው እንዴ ያገባሁት!»

አንድ ለአንድ አለቀ። ሜዳው ውስጥ ገባን። አባቴን ከነቦርሳው ትከሻቸው ላይ አወጡት። አስጨፋሪው ሊኩራራ ወደ ሱሉልታ መልሶ ደወለ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍቶ።

«እንኳን ደስ ያለህ በለኝ እንጂ!»

«ለምኑ?»

«ተረፍን እኮ!»

«እንዴት ተረፋችሁ? እነዚህ እኮ ገና መጀመራቸው ነው።»

«እነማን?»

«ዋናዎቹ ናቸዋ! በረዶ ጥሎ ዘግይቶ ነው የተጀመረው። ባዶ ለባዶ ናቸው።»

«ሁለት ለባዶ ተሸነፉ አላልከኝም?!»

«እሱማ የተስፋ ቡድናቸው ነው። ልጆቹ ቀድመው ይጫወቱ የለ? አለቀ ወይ አልከኝ፣ አልቋል አልኩህ። የዋናውን መች ጠየቅከኝ?»

ከበሮው ቆመ። አባቴን አወረዱት። ሰው ከትከሻ ላይ እንዲያ በዝግታ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

የሚሄድ ሰው አልነበረም። እርጥቡ ሳር ላይ ተቀመጥን፣ ተጫዋቹም ደጋፊውም። አስጨፋሪው ከበሮውን መሀል አስቀምጦ ስልኩን ከላዩ አደረገ። ጨዋታውን የሚስቱ ወንድም ያስተላልፍልናል። እንዲህ ዓይነት የስፖርት ጋዜጠኛ አያድርስ። «ኳሱ... ወጣ። አሁን ገባ። አይ፣ ጎል አይደለም፣ ሜዳ ውስጥ ማለቴ ነው! ቁጭ በሉ!» ተነስተን የነበርን ቁጭ አልን። ያሸነፍን መስሎን ስንጨፍር ያላየነው የተጋጣሚያችን አውቶቡስ በአጠገባችን ወጥቶ ሄደ። በረኛችን፣ ያ ማንም ያልነካው፣ ባቱን እየነካ «አሁንስ የእውነት እያመመኝ ነው» አለ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ያሽለት ጀመር። እናቴ ደግሞ አባቴን ታያለች። አንድ ጎል እንዲገባባቸው እየለመንን፣ ሰማዩ እየጠቆረ፣ ስልኩ ባትሪ ሊጨርስ ሲል ድምፁ መጣ።

«አለቀ። ባዶ ለባዶ።» «ይቅርታ» አለ።

አልተሸነፉም። ወረድን።

ሚኒባሱ ውስጥ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ግን እኮ አልተሸነፍንም፣ አቻ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አቻ ነው፣ እማ።»

«ታዲያ አቻ ከሆነ አባትሽ እንዴት ይሄዳል?»



በማግስቱ አስጨፋሪው መጣ። በራችን ላይ ቆሞ አልገባም አለ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያቺን ስልክ ባልደውል ኖሮ...» እናቴ በእጁ ጎትታ አስገባችው። «አንተ ብቻ ነህ የሰማኸው? እኔስ እዚያው አልነበርኩም? ግባ፣ ብርድ ነው።» አባቴ ወንበር ስቦለት «ዓመቱን ሙሉ ሮጬ ልሞት ነበር፣ አንተ አሳረፍከኝ» አለው። ሰውዬው ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣ።

ሰኞ ደረሰ። ጓደኛዬ ማይኩን ይዛ ነበር፣ ዞራ አየችኝና «ዛሬ አንቺ ቅደሚ» ብላ አቀበለችኝ። ሌሊቱን ጽፌ የሰረዝኩት ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። «ቡድናችን አቻ ወጣ። ወረደም» አልኩ። ሌላ ቃል አልፈለግኩም። ሰልፉ ላይ «ኡኡ» ያለ የለም። የመምህራን ክፍሉ መስኮት ክፍት ነበር።

አባቴ የሄደው ክረምቱ እንደገባ ነው። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ጭቃ ቢሆንም። ልብሱን እኔ ተሸከምኩ፣ ያቺን ቦርሳ ግን አልሰጥም አለ። እናቴ ጃንጥላ ይዛ ከፊት ትሄዳለች። አስፋልቱ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሞ «አየር ጤና! አየር ጤና!» ይጣራል።

«ቶሎ በል እንጂ! ሊሄድብህ ነው!» አለች እናቴ።

አባቴ ጉልበቱን አነሳ። ክንዱን አወዛወዘ። ቦርሳው ዘለለ፤ እሱ ግን እዚያው ነው። እናቴ ዞራ አየችውና ጃንጥላውን ዝቅ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። አባቴ ቆመና ዝናቡ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

«ሰውዬ፣ ትገባለህ አትገባም?» አለ ረዳቱ።

አባቴ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «ምን አልከኝ?»