ሳይንቀጠቀጡ ማየት

ጎሚስታው ጁፒተርን ከነጨረቃዎቹ አየሁ ብሎ ሲምል ሲገዘት ሚስቱ አንድም ቀን አምናው አታውቅም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትለውና ወደ ስፌት መኪናዋ ትዞራለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ሰውዬው ምንም አላየም። ካገለገለ ዕቃ መሸጫ ተከራክሮ ያመጣው ባይኖኩላር እንከን አይወጣለትም፤ ችግሩ የሚይዘው እጅ ነው። ዕድሜ ልኩን ጎማ ሲፈታና ሲደበድብ የኖረ እጅ ወደ ሰማይ ሲያነጣጥር ኮከቡ እንደ አንበጣ ይዘላል። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ላይ፣ ከዚያ ጭራሽ ከመስታወቱ ውጭ። ትንፋሹን ውጦ፣ ክርኑን ከጎድኑ አጣብቆ ይሞክር ይሞክርና በመጨረሻ አንገቱን እያሸ ከጣራ ይወርዳል። ከዚያ ለሚስቱ «ዛሬማ አራቱንም ጨረቃ ቆጠርኳቸው!» ይላታል። አራት መሆናቸውን የሰማው ከሬዲዮ ነው።

ሰፈሩ «ባላንስ» ይለዋል። ጎማ ሚዛኑን ሲስት የመኪናው መሪ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ጎማውን አሽከርክሮ፣ የከበደውን ጎን በጣቱ ፈልጎ፣ በተቃራኒው ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል የእርሳስ ብረት ለጥፎ ጸጥ ያሰኘዋል። የሰዉን መኪና ሁሉ ከመንቀጥቀጥ ያዳነ ሰው የገዛ እጁን ማስቆም አለመቻሉ ያንገበግበዋል። ግን ወንድ አይደል? ለማን ይናገራል!

ነገሩ በዚሁ የቤት ውስጥ መቀላለጃ ሆኖ ይቀር ነበር፣ የልጃቸው ጉዳይ ባይመጣ። ባልና ሚስቱ አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ ሥልጠናዋን ጨርሳ ከወንዙ ማዶ በሚሠራው ትልቅ ሕንፃ የክሬን ነጂ ሆነች። ከዚያ ሁሉ ብረት ጫፍ፣ ደመና ጥግ፣ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሲሚንቶና ብረት ታነሳለች፣ ታወርዳለች። አባትየው ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ጎማ ሊያስነፋ ለመጣ ሁሉ «ያቺን ክሬን አየሃት? የኔ ልጅ ናት እኮ የምትነዳት!» እያለ ሥራ ያስፈታል። እናትየው ግን እህል አልወርድ አላት። «እኔ ልጄን ያሳደግኋት ወፍ ትሁን ብዬ ነው?» አለች፣ ወገቧን ይዛ። ባለቤቷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ባይኖኩላሩን ይዞ ጣራ ወጣ።

የሚኖሩበት ሕንፃ ጣራ ጠፍጣፋ ነው፤ ተከራዩ ሁሉ ልብስ ያሰጣበታል። ክሬኑ ከዚያ ይታያል፤ የልጅቷ ክፍል ግን ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም። ልብስ ሰፊዋ ልብስ ላሰጣ እያለች በቀን ስንት ጊዜ እንደምትወጣ እግዜር ይቁጠረው። የሚታጠብ ሲያልቅባት ደረቁን አውጥታ ታሰጣለች። ሥራዋም ተበላሸ። የአንድ ደንበኛን ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ገጥማ ሰፋችው፤ ሰውዬው ሊለካው ብሎ ቁጭ ብድግ ሲል ሳቅ አፈነዳት፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። በመጨረሻ ቁርጡን ተናገረች።

«ቅዳሜ ራሴ እሄዳለሁ። አለቃዋ እግር ላይ ወድቄ ልጄን አውርድልኝ እለዋለሁ።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «እማዬ፣ እዚያ መጥተሽ ከለመንሽ እኔ በገዛ እጄ ነው የምወርደው። ከዚያ በኋላ ማን ሰው ብሎ ይቆጥረኛል? ያ ሁሉ ወንድ እየሳቀብኝ ልሠራ?» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች። አባቷን ደረጃ ላይ ስታገኘው እጁን ያዘችው። «አባዬ፣ በናትህ አንድ ነገር አድርግ። ይህን ሥራ እኮ እወደዋለሁ።»

የባላንስ ሀብት አንድ ባይኖኩላር ብቻ ነው። ሚስቱን ጣራ ላይ አወጣና «በይ በዓይንሽ እይና ልብሽ ይረፍ» ብሎ ሰጣት። ልብስ ሰፊዋ መነጽሩን ወደ ማዶ ደገነች። ትንሽ ቆይታ ጮኸች።

«ኧረ ጉዴ! ክሬኑ ይንቀጠቀጣል! ልጄ ልትወድቅብኝ ነው!»

«ክሬኑ አይደለም፣ መነጽሩ ነው የሚንቀጠቀጠው!»

«መነጽር ምን ፈርቶ ይንቀጠቀጣል?»

«መነጽሩ የሚያየውን ሁሉ እንደሚያቀርብ የእጅሽንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል። እኔም...» ጎሚስታው አንገቱን አሸ። «እኔም ጁፒተርን አይቼው አላውቅም። አንድም ቀን።»

ሚስቱ መነጽሩን ዝቅ አድርጋ አየችው። «እሱንማ ካገባሁህ ጀምሮ አውቄዋለሁ» አለች። ከዚያ እንደገና ወደ ማዶ ስትዞር ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ብቻ ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

ሰውዬው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። መጀመሪያ ባይኖኩላሩን የውሃ ታንከሩ ላይ አስደግፎ ሞከረ፤ ታንከሩ ውሃ ሲሞላ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ከሰፈሩ ፎቶ አንሺ የካሜራ ማቆሚያ ተዋሰ። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ዝቅ ያለውን ለማየት ምንም አይልም። ወደ ክሬኑ ጫፍም ሆነ ወደ ኮከብ ሽቅብ ለማየት ግን ከሥሩ ገብቶ አንገትን መቆልመም ያስፈልጋል፤ የልብስ ሰፊ አንገት ደግሞ ስፌት ላይ አቀርቅሮ ኖሮ ቀና በል ሲሉት የሚያምፅ ነው። ይባስ ብሎ እሱ ቀርከሃ፣ እሷ ጉንዳን። ለእሱ ልክ ሲያቆመው እሷ በእግር ጣቷ ተንጠልጥላ አትደርስም፤ ለእሷ ዝቅ ሲያደርገው ደግሞ ያነጣጠሩበት ነገር ይጠፋል። እንደገና ፍለጋ፣ እንደገና ንትርክ።

«ከሩብ ክንድ ሴት ጋር ኮከብ አይታይም!» አለ በንዴት።

«ከመብራት እንጨት ጋርስ ይኖራል?» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ።

መላው የተገኘው ከራሷ የሥራ ጠረጴዛ ነው። ስትሰፋ የምታበራው መብራት ረጅም ክንድ አለው፤ ወደ ላይ ብትገፋው፣ ወደ ታች ብትስበው ባለበት ይቀራል፣ የመብራቱም ፊት ከጨርቁ ላይ አይነሳም። ጎሚስታው ማታ እራት ሲበላ ዓይኑ እዚያ ላይ ቀረ። ክንዱ አንድ ዘንግ አይደለም፤ ሁለት እኩል ዘንጎች ጎን ለጎን ሄደው አራት ቦታ ላይ ታስረዋል። አንደኛው ሲያዘነብል ሌላው ይመልሰዋል። ጠዋት ሚስቱ ስትነሳ መብራቷ ወለሉ ላይ ብትንትኑ ወጥቶ አገኘችው። ያን ዕለት ከአፏ የወጣውን ስድብ እዚህ አንጽፈውም።

ጎረቤታቸው ብረት በያጁ ቱቦላሬ ቆርጦ ሰጠው። ሁለት ረጅም ብረት፣ ሁለት አጭር፣ አራት ቡሎን። መሐሉ ወፍራም እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ተሰካ። ባይኖኩላሩ ከአንደኛው ጫፍ ታሰረ፤ በሌላኛው ጫፍ ላይ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ተንጠለጠለ። ቆርቆሮው ውስጥ ጎሚስታው የሚያውቃትን እርሳስ እየጨመረ፣ እየቀነሰ ቆየ። አንዲት ፍሬ ሲጨምር ክንዱ ይነሳል፣ ሲያወጣ ይወድቃል። ይህ የሱ ዓለም ነው፤ እዚህ ላይ እጁ አይሳሳትም። በመጨረሻ በአንድ ጣት ሲነካው ክንዱ ወደፈለገው ሄዶ ቆመ። በደስታ ሰክሮ ባይኖኩላሩን ሊወለውል ከጫፉ ሲፈታው ቆርቆሮው ወደ ታች ወረደ፣ ባዶው ክንድ ተስፈንጥሮ አገጩን አቀመሰው። ጎማ ሚዛን ሲያስይዝ የኖረ ሰው ሚዛን ከአንድ ጎን ሲነሳበት ምን እንደሚሆን ረሳው! በያጁ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ።

ሐሙስ ምሽት፣ ፀሐይ እንደገባች፣ ባልና ሚስት ጣራ ላይ ወጡ። ጎሚስታው ከተጋጨ ታክሲ የተነቀለ የጋቢና ወንበር አምጥቷል፤ ማዘንበያው ስለሚሠራ ተንጋሎ ተቀመጠበት። ክንዱን ወደ ዓይኑ ሳበ። እጁን ከባይኖኩላሩ ላይ ሙሉ በሙሉ አነሳ። ኮከቡ አልዘለለም። ኮከብም አይደለም፤ ጠርዝ ያለው፣ ክብ፣ ወተት የመሰለ ነገር ነው። ከጎኑ ደግሞ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያነሱ ነጥቦች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል።

«ሦስት ናቸው!» አለ። «የኔ እመቤት፣ ሦስት ናቸው!»

«አራት ቆጠርኩ ስትል አልነበር?»

«አንዱ ኋላው ተደብቆ ነው፤ ነይ ነይ፣ ተቀመጪ!»

ወንበሩን ለቀቀላት። ክንዱን እስከ ዓይኗ ዝቅ አደረገው፤ ጁፒተር ካለበት ንቅንቅ አላለም። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ወንበሩ ላይ ጥላ ዝም አለች። እሷን የሚያውቅ ሁሉ ዝም ስትል ይፈራል።

«ይቺ ናት ላሚቱ?» አለች ቀስ ብላ።

«እሷ ናት።»

«እኔን! ወተቷም አላት ለካ።» ጎሚስታው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ደስ አለው፣ በጣም ደስ አለው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሚስቱ ወንበሩን ቀና አድርጋ ክንዱን ወደ ማዶ አዞረችው። ቀዩ የማስጠንቀቂያ መብራት ሥር የልጇ የመስታወት ክፍል እጅ ብትዘረጋ የምትነካት መስላ ቀረበች። ውስጧ ማንም የለም። ከላይዋ ያ ረጅም የብረት ክንድ ብቻውን፣ ነጂ ሳይኖረው፣ ቀስ እያለ ይዞራል።

«ወየው! ክሬኑ ለብቻው እየሄደ ነው! ልጄ የለችም! ልጄ ወደቀች!»

ጎሚስታው አይቶ እሱም ክው አለ። ስልኩን ከኪሱ ሊያወጣ ሲታገል ከደረጃው በኩል «ምንድን ነው ጩኸቱ? እስከ ታች እኮ ይሰማል!» የሚል ድምፅ መጣ። ልጅቷ ናት፤ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥላ፣ ራስ ላይ የሚደፋውን ቢጫ ቆብ በክንዷ ይዛ ቆማለች። እናቷ ተንደርድራ ሄዳ አቀፈቻት፣ ዳሰሰቻት፣ ከዚያ ትከሻዋን በጥፊ አለቻት።

«ክሬኑን ማን ላይ ጥለሽ መጣሽ? ለብቻው ይዞራል!»

ልጅቷ ነገሩ ሲገባት ሳቀች። «እማዬ፣ እንዲዞር ነው እኮ። ማታ ስንወርድ የማዞሪያውን ፍሬን ፈትተን ነው የምንተወው። ነፋሱ በመጣበት ያዙረው ብለን። አንቀን ብንይዘው እኮ ነው ነፋስ ገፍቶ የሚጥለው። ሲለቁት አይወድቅም።»

እናትየው ፌስታሉን ተቀብላ ወረደች። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስለ ልጇም ስለ አለቃዋም ትንፍሽ ሳትል ሰፋች። ጎሚስታው ሊጠይቃት አፉን ይከፍትና ይዘጋል። ልጅቷም ቅዳሜ ጠዋት ዓይኗ እንዳበጠ ወደ ሥራ ወጣች፤ እናቷ ትምጣ አትምጣ አታውቅም።

እሷ እንደወጣች ልብስ ሰፊዋ ታጥባ፣ ለትልቅ ቀን የምታስቀምጠውን ቀሚስ ለበሰች፣ ሻርፕ አደረገች። ጎሚስታው ከመቀመጫው ብድግ አለ። አለቀ፣ ልትሄድ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «እባክሽን፣ ልጅቷን አታዋርጃት» አላት። ሚስቱ በጎኑ አልፋ ወጣች። ወደ ታች ግን አልወረደችም፤ ደረጃውን ወደ ላይ ወጣች። ሲከተላት በታክሲው ወንበር ላይ ተቀምጣ ክንዱን ስትስብ አገኛት።

«ልብሱስ?»

«ልጄ ሥራ ቦታ ልሄድ አይደል? በቤት ልብስ ልሂድ?» አለችው፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሳ።

ልጅቷ በመስታወት ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ብላ ትታያለች። ከሥሯ አንድ እስር ብረት ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ታች ያሉት ሠራተኞች በሙሉ አንገታቸውን ወደ ላይ ሰብረው የሷን እጅ ይጠብቃሉ። ልብስ ሰፊዋ «ቀስ... ቀስ... አዎ... አሁን ልቀቂው» ትላለች፣ እሷ የምታወርደው ይመስል። ብረቱ መሬት ነካ። ሰዎቹ ፈቱት። አንዱ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አሳየ፤ ልጅቷም ከላይ ሆና ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ታየ።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስት። «ይቺ ልጅ እዚያ ላይ ስትሆን ቤት ውስጥ እንደምናያት አይደለችም እኮ።»

«እንዴት ናት?»

«ትልቅ ሰው ናት።» አፍንጫዋን በሻርፑ ጠረገች።

የእረፍት ሰዓት ሲደርስ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ልጅቷ ስልኩን ስታነሳ ፊቷ እንዴት እንደገረጣ በባይኖኩላሩ አየችው። «እማዬ፣ በር ላይ ነሽ?»

«በር ምን አደርጋለሁ? ጣራዬ ላይ ነኝ፣ አያትሻለሁ። ምሳሽን አልነካሽውም፤ ብዪ!»

ልጅቷ ከወንበሯ ተነሳች። ቀበቶዋን ከብረቱ ጋር አያይዛ፣ ሳብ ሳብ አድርጋ ፈትሻ ወደ ውጭኛው መረገጫ ወጣች። ወደ ሰፈሯ ዞራ ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ ታወዛውዝ ጀመር። ከዚያ ርቀት ጣራው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰላምታዋ በቀጥታ የሚሄደው ከአጠገባቸው ወዳለው ዳቦ ቤት ጣራ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሩ ብድግ አለች። ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃ፣ በእግር ጣቷ ቆማ፣ በሙሉ ኃይሏ አወዛወዘች።

«አታይሽም እኮ» አለ ጎሚስታው። «ወደ ዳቦ ቤቱ ነው የዞረችው።»

«እኔ አያታለሁ አይደል?» አለችው፣ ማወዛወዟን ሳታቆም።