ገርባ የያዘው ስም

ገርባ ዕድሜውን ሙሉ ጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ የአዳማ ሰው ነው። ማጅራት ገትር ይዞት ከሞት አፋፍ ቢመለስም፣ ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በአእምሮው አልቀመጥለት አለ። ሚስቱን ሸዋወርቅን ያውቃታል፤ በሠርጋቸው ቀን የጣለውን ዝናብ ሳይቀር ያወራል። ልጃቸው ኤቢሴ ሁሩታ ከተማ ሆና ሴት ልጅ መውለዷን ግን ሸዋወርቅ በየቀኑ ትነግረዋለች፣ በየቀኑም እንደ አዲስ ይደሰታል።

«ስሟን ማን አላችኋት?»

«ሆራ።»

ምሳ ሳይደርስ ይጠፋዋል።

ሐኪሙ ለሸዋወርቅ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «የተጎዳው አዲስ ትዝታ የሚይዘው የአንጎል ክፍል ነው። የቆየው ሌላ ቦታ ሥር ሰዷል፤ እርስዎን ያልረሳዎት ለዚያ ነው። በአዋቂም አንጎል ውስጥ አዳዲስ ሕዋሳት ይወለዳሉ፣ አዲስ ትዝታ እንዲዘልቅም ያግዛሉ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። በሰው ላይ ገና ይከራከሩበታል። በእንስሳት ላይ ግን እንቅስቃሴ እንደሚያበዛቸው ታይቷል። ስለዚህ በእግሩ ይሂድ፣ አዲስ ነገር ይይ።»

ሸዋወርቅ ደግሞ ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ከዓለም ጤና ከተማ የሚመጣውን ለመረከብ በማለዳ ገበያ መገኘት አለባት። ግቢው ውስጥ በቅርቡ የተከራየችው የስፖርት አስተማሪዋ ፎዚያ ጭንቋን አየችላት።

«እትዬ ሸዋ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄድ የለ? ጋሼን ይዣቸው ልሂድ።»

ሸዋወርቅ መረቀቻት። ገርባም በየማለዳው «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?» እያለ ይከተላት ጀመር።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን፣ ጫማውን አጥልቆ በር ላይ ቆመና «ፎዚያ ዛሬ ቀረች እንዴ?» አለ።

እልል ማለት ሲገባት ሸዋወርቅ ፊቷን አዞረች። ያጎረስኩት እኔ፣ ያጠብኩት እኔ፤ የልጅ ልጁን ስም መያዝ ያቃተው ጭንቅላት የዚችን ስም ከየት አመጣው? አዲስ የተወለደው ሕዋስ ሁሉ የፎዚያ ሆኖ ታያት።

በማግስቱ «ጉልበቱን አሞታል» ብላ ፎዚያን ዋሸቻት፤ ከዚያም በኋላ ምክንያት አላጣችም። ገርባ ግን ጫማውን እያጠለቀ በር ላይ መቆሙን አልተወም።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«ያቺን… ትመጣ የነበረችውን።» ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ስሟ ማን ነበር?»

ሸዋወርቅ ለቅጽበት ደስ አላት። ወዲያው ደነገጠች፤ የበቀለውን በእጇ የነቀለች መሰላት። ፎዚያን በር ላይ ጠርታ፣ ዓይኗን ሳታሸሽ ተናገረች።

«ጉልበቱን ምንም አላመመው። ቀንቼብሽ ነው።»

ፎዚያም «ነገ ለምን አብረን አንሄድም?» አለቻት።

ሽንኩርቱን እህቷ አበዛሽ እንድትረከብላት ተስማምታ ሸዋወርቅም ወጣች። ፎዚያ በአንድ መንገድ አትመላለስም፤ በየቀኑ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ወሬ ነው። ሸዋወርቅ ዳገቱ ላይ ትንፋሿ ተቆርጦ አስፋልት ዳር ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች።

በማግስቱ ገርባ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ አያት።

«ሸዋዬ፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ልትዪብን ነው?»

እየሳቀች እንባዋ መጣ። ፎዚያ ከክፍሏ ስትወጣ ገርባ «አካም ቡልቴ፣ ፎዚያ!» ብሎ ቀድሞ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አላት። ያን ጊዜም ሸዋወርቅን ቅናቱ ጠቅ አደረጋት፤ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ መሃላቸው ገባችና ክንዱን ይዛ መንገድ ጀመረች።