የማኪንድዬው ደረጃና የወንድሜ ምርቃት

በኮሮና ጊዜ አዳራሽ ሁሉ ተዘግቶ ነበርና የልጄን ሠርግ ማኪንድዬ፣ በሰው አገር በምንኖርበት ሰፈር፣ ከቤታችን ጓሮ ተዳፋቱ ላይ ልናደርገው ሆነ። ልጄ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ሲመርቃት ሰው ሁሉ እንዲሰማ። እሱ ደግሞ ከታመመ ወዲህ ድምፁ ሰልሏል። ስፒከር እንከራይ ብንለው፣ «ምርቃት በኤሌክትሪክ አላሳልፍም!» አለ። እልኸኝነት የቤታችን ዘር ነው።

እኔ ግን መላ ነበረኝ። በጉብዝናዬ ሊቢያ ውስጥ ድንጋይ ጠራቢ ሆኜ የጥንት ሮማውያንን ቲያትር ቤት ፍርስራሽ ስንጠግን ሠርቻለሁ። የድንጋይ መቀመጫው እንደ ግማሽ ሰፌድ ዞሮ፣ ደረጃ በደረጃ ሽቅብ ይወጣል። ታች መድረኩ አለ፤ ከመድረኩ ኋላ ዓምድ የተደረደረበት ረጅም ግንብ፣ ግማሹ የፈረሰ። አንድ ቀን መድረኩ ላይ ቆሜ በተማርኳት ዐረብኛ አለቃዬን ቀስ ብዬ ስረግመው፣ ለካ እላይኛው ደረጃ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። ቃል በቃል ሰማኝ። በማግስቱ ከሥራ ወጣሁ።

እና ተዳፋቱን ቆፍሬ አራት ደረጃ በጡብ ሠራሁ፤ ታች ደግሞ መድረክ። ሚስቴ መጥታ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራን ከእንግዳ እግር ሥር ልታስቀምጥ ነው?»

«ሮማውያን ትልቅ ሰው የሚያስቀምጡት ታች፣ ፊት ለፊት ነው።»

«እነሱን ደግሞ ማን ሠርግ ጠራቸው?»

ወንድሜን ታች አቁመን ስንሞክረው ላይ ምንም አይሰማም። ድምፁን ነፋስ ከሰፈሩ በታች ወዳለው ሐይቅ ይዞት ይነጉዳል። ሚስቴ ስትስቅብኝ ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ያ የሊቢያው የፈረሰ ግንብ ትዝ አለኝ። ለጌጥ መስሎኝ ትቼው ነበር እኮ! ድምፁን ወደ ሰው የሚመልሰው እሱ ነው። የአጥሬን ጡብ አፍርሼ ከመድረኩ ኋላ ገተርኩት።

የሠርጉ ቀን እንግዳው በቦዳ ቦዳ፣ በሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ መጣ። ግን ማን ፊት ይቀመጥ? «በሞቴ ወደ ፊት!» ብንል፣ «ኧረ እዚህ ይበቃኛል» እያለ ሁሉም ላይኛው ደረጃ ላይ ተፋፈገ። ሦስቱ ደረጃ ባዶ።

ወንድሜ ግንቡን ተደግፎ፣ «ውለዱ፣ ክበዱ፣ አርጁ» አለ፤ በዚያች ቀጭን ድምፁ።

«አሜን!» አለ ላይኛው ደረጃ በሙሉ። ልጄ አለቀሰች፤ እየሳቀች።

ወንድሜ፣ አጠገቡ ቆሜ ነበርና፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንተ ግትር፣ አንድ ቀን እንኳ ልክ ሆንክ» አለኝ፤ ማንም የሚሰማው አልመሰለውም።

«አሜን!» አለች ሚስቴ፣ ከላይ።