የሚለምን የለም

የሺመቤት ቁጣዋን ቤቷ ትታ የምትወጣ ሴት አይደለችም። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ በተከራየቻት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራለች፤ ያልተቆጣችበት ቀን ቢቆጠር ከእጅ ጣት አያልፍም። ተማሪ ሲያረፍድ ትቆጣለች፣ ጠመኔ ሲሰበር ትቆጣለች። ተማሪዎቿ ግን አይሸሿትም። እንደ ሐምሌ ዝናብ ዘንባ እንደምታባራ ያውቃሉ። የዚያን ሳምንት ግን አላባራችም።

ነገሩ የመጣው በእናትዓለም ነው። እናትዓለም የደቅ ደሴት ልጅ ናት፤ የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ልጅ። ጣናን በጀልባ ተሻግራ ባሕር ዳር አክስቷ ቤት ተጠግታ ሁለት ዓመት ተማረች። የሺመቤት እንዲህ ያለ ተማሪ ገጥሟት አያውቅም። ልጅቱ አባቷ ሲያስተምሩ እየሰማች ስላደገች አንዴ ጆሮዋ የገባ ነገር አይወጣም፤ የእንግሊዝኛውን ሰዋስው እንደ ዳዊት ትደግመው ነበር።

ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል የጽዳት ሠራተኛ ሲፈልግ ሄዳ ተመዘገበች። ሥራ አስኪያጁ የውጭ አገር ሰው ነው። እንግሊዝኛዋን ሲሰማ ተገረመና በዚያው ቋንቋ፣ "አንቺማ መጥረጊያ አትይዥም። እንግዳ መቀበያው ላይ ልመድብሽ፣ ትፈልጊያለሽ?" አላት። እናትዓለም አንገቷን ደፍታ፣ አነጋገሯ ሳይዛነፍ፣ "ኖ፣ ታንክ ዩ" አለችው። ሰውየውም "መልካም" ብሎ የጽዳቱን ቱታ ሰጣት።

የሺመቤት ይህን የሰማችው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

"ምን አልሽው? እስቲ ድገሚልኝ።"

"እምቢ አልሁት፣ እትዬ።"

"ሥራውን ጠልተሽው ነው?"

"ኧረ እንዴት ብዬ እጠላዋለሁ። ገና እንደተጠየቅሁ እሺ ብል ስግብግብ አይለኝም? አባቴ የደብሩ አለቃ ይሁኑ ሲባሉ ሦስት ጊዜ 'አይገባኝም' ብለው፣ በስንት ልመና ነው የተሾሙት። እኔም ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልጠየቀኝም።"

የሺመቤት ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች፣ ባጃጅ ያዘች፣ ሆቴሉ ደረሰች። ሥራ አስኪያጁ አማርኛ ተምሯል። "ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ?" ብሎ ተነሥቶ ተቀበላት። ሰላምታው እንከን አልነበረውም፤ ይህም ይበልጥ አናደዳት።

"ልጅቱን ለምን ደግመው አልጠየቋትም?"

"እምቢ አለችኝ።"

"እምቢ ያለችው እኮ እሺ ለማለት ነው።"

ሰውየው ግንባሩን ቋጠረ። "እኛ አገር እምቢ ያለን ሰው ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ነው። እኔ አከበርኳት። ቦታውንም ትናንት ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ።"

ብትጮህበት በወደደች። ግን ሰውየው ምን አጠፋ? ጥፋት የሌለበትን ሰው መቆጣት አይቻልም፣ አለመቆጣት ደግሞ ያንገበግባል። "ሻይ ልዘዝልዎት?" አላት። "ይቅርብኝ" አለች። ሻዩ ቀረ።

ስትመለስ ባጃጅም አላሰኛት፤ በእግሯ ሄደች። ቁጣዋ ዞሮ ዞሮ ራሷ ላይ አረፈ። በመጀመሪያው ቀን ትምህርት፣ "ሰው ነገር ሲያቀርብላችሁ ኖ፣ ታንክ ዩ ማለት ጨዋነት ነው" እያለች ሃያ ሁለት ዓመት በኅብረት ያስጮኸች እሷው ናት። ቃሉን ሰጠቻቸው፤ ሰሚው ቃሉን እንዳለ እንደሚያምን ግን አንድ ቀን አልነገረቻቸውም። ስንቱ ልጅ በዚህ ቃል ከደጅ ተመልሶ ይሆን? መልሱን ማወቅ አልፈለገችም።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ተማሪዎቹ ሲሰበሰቡ ትልቅ ዳቦ ይዛ ገባች። ለሁለት ከፈለችውና በእንግሊዝኛ "ማን ይፈልጋል?" አለች። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው "ኖ፣ ታንክ ዩ" አሉ። ዳቦውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋችው። ፈገግ ብለው ጠበቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"አባቶቻችሁ ሦስት ጊዜ እምቢ የሚሉት አራት ጊዜ የሚለምናቸው ስላለ ነው። በዚህ ቋንቋ የሚለምን የለም። ረሃባችሁን ይዛችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ።"

ዳቦውን እንደገና አወጣችና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። ማንም አልተነቃነቀም። ከኋላ ወንበር እናትዓለም ተነሣች። ከጽዳት ቀጥታ ስለመጣች እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። ጠረጴዛው ድረስ መጣች፣ የመምህሯን ዐይን ትክ ብላ አየችና በእንግሊዝኛ "አዎ፣ እፈልጋለሁ" አለች። ትልቁን ግማሽ አነሣች።

"ይህን አስቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት፣ እትዬ?" አለች፣ አሁን በአማርኛ።

"ጨምሪ፣ በሞቴ" የሚለው ቃል የሺመቤት አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።