«ያዝከው?»

ጥጆቹ ምልክት በሚተኮሱበት ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል። አንዱ ጥጃ ይጎትታል፣ አንዱ ይጥላል፣ አንዱ እሳት ያነዳል፤ ሳቅና ለከፋው አይጣል ነው። መተኮሻው ብረት ግን ከጥጆቹ ባለቤት፣ ከእኚህ ባልቴት እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ዘንድሮ የወንድ ኮት ደርበዋል። እጅጌውን ቢያጥፉት ቢያጥፉት ተመልሶ ይወርድባቸዋል። «እሳት ዳር ነን፣ ያውልቁት እንጂ» ሲሏቸው «ይበርደኛል» ይላሉ፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ።

የጥጃውን የኋላ እግሮች የያዘው ጎረቤታቸው ነው። ክረምት ላይ ልጃቸውን እስኪቀብሩ ድረስ ቦታው የእሱ ነበር።

ብረቱን ከእሳት ባወጡ ቁጥር፣ ቀና ሳይሉ «ያዝከው?» ይላሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። ጎረቤትየው ማን እንደተጠየቀ ስለሚያውቅ ትንፍሽ አይልም። ብረቱ ይጠቁራል፤ እንደገና ያግሉታል። ሥራው ተጓቷል፣ «ቶሎ ይበሉ» የሚል ግን ጠፍቷል።

በመጨረሻ ጎረቤትየው ሆዱ ባባ።

«ያዝኩት፣ እማማ» አላቸው፣ በለሆሳስ።

ቀና ብለው አዩት።

«አንተን አይደለም፣ ልጄ» አሉና፣ የቀዘቀዘውን ብረት ወደ እሳቱ መለሱት።