ለይታየው የመረጥኩለት ማሽን

ይኼን የንስሐ አባቴ አያውቁትም። ጾም ሲገባ ቤታችን መጥተው ሲጠይቁኝ ስለ ቁጣዬ፣ ስለ ስንፍናዬ፣ ስለቀረሁባቸው ቅዳሴዎች እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም ስግደት አዝዘውኝ ይሄዳሉ። ስለ ማሽኑ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ምን ብዬ ልጀምር? «አባ፣ ለጓደኛዬ የመኪና መወልወያ መረጥኩለት» ብል ኃጢአቱ የቱ ጋ እንዳለ አይታያቸውም። እስኪታያቸው ላስረዳ ብል ደግሞ ሳስረዳ ራሴን ነጻ ማውጣቴ አይቀርም፤ ዕቃ ማስረዳት እችልበታለሁ። ስለዚህ ለማላውቅህ ለአንተ እጽፈዋለሁ። አንተ ስግደት አታዝልኝም።

የምሠራው ቢቸና ነው፤ መኪና አጥባለሁ፣ እወለውላለሁ። ይታየው የሞጣ ልጅ ነው። ሥራ ፍለጋ ቢቸና መጥቶ አንድ ላቫጆ ውስጥ አብረን ሠራን፤ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን። ያኔ ማሽን የሚባል አልነበረንም። ቀለም ላይ ያለውን ጭረት የምናጠፋው ጨርቅ ላይ ፖሊሽ አድርገን በእጃችን እያሸን ነበር። እኔ ዝምተኛ ነኝ። እሱ እየሠራ ያወራል፣ ያዜማል፣ ከሾፌር ጋር ይቀላለዳል። እኔ አንድ በር ላይ ስጨነቅ እሱ ሁለቱን ጨርሶ ይጠብቀኛል። የባሰው ደግሞ የእሱ ያምር ነበር።

ከሞጣ ቢቸና ዶልፊን ሚኒባስ የሚያመላልሱ ጋሽ ሙላት የሚባሉ ሾፌር ነበሩ። አንድ ቀን እኔ የሠራሁትን ጎን አዩ፣ ዞረው ይታየው የሠራውን አዩ፣ ከዚያ ተመልሰው እኔ ፊት ቆሙ።

«አንተ ዝምታው፣ አንተ ታብሳለህ፤ ይኼ ያበራል» አሉኝ።

በላቫጆው ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። ይታየውም ሳቀ። ወዲያው ግን፣ «ጋሽ ሙላት፣ አሁን ጥላው ያረፈው እሱ ጋ ነው። ፀሐይ ላይ ያቁሙትና ይዩት» ብሎ ሸፈነልኝ። ፀሐይ ላይ ቢቆም ምን እንደሚታይ እኔም እሱም እናውቃለን። ቀልዱን በዚያው ቀን ረሳሁት። የሸፈነልኝን ግን አልረሳሁም። ሰው ለሸፈነለት ሰው እንዴት ቂም ይይዛል? እኔ ያዝኩ።

እኔ እሱን የምበልጠው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በማወቅ። በከተማችን የኢንተርኔት ዳታ ከመዘጋቱ በፊት ስለ ቀለም ውልወላ የሚያሳዩ ብዙ ቪዲዮዎች ስልኬ ላይ አውርጄ ነበር። የሚናገሩትን ባልሰማም እጃቸውን አያለሁ፤ አንዷን ቪዲዮ እስክትሰለቸኝ፣ ከሰለቸችኝም በኋላ እመለከታለሁ። አንድ ጋራዥ ውስጥ ማሽን ተውሼ በተጣለ ኮፈን፣ በአሮጌ መኪና የሞተር ክዳን ላይ ሞክሬ፣ አቃጥዬ፣ ለምን እንደተቃጠለ አጥንቻለሁ።

ነገሩን ላስረዳህ፤ ካልገባህ ጥፋቴ አይታይህም። የመኪና ቀለም ከላዩ እንደ መስታወት ያለች ቀጭን ሽፋን አለችው። ጭረቱ የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው። መወልወል ማለት ከእሷ ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ መላጥ ነው። ማሽኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እንደ ብረት መቁረጫ ባለበት ቦታ ብቻ ይዞራል። ጉልበተኛ ነው፤ ትንሽ ካቆየኸው ግን ይግልና ሽፋኗን ጨርሶ ቀለሙን ይበላል፤ በተለይ ጠርዝ ጠርዙን፣ ሽፋኗ በምትሳሳበት። ሁለተኛው እየዞረ ይወዛወዛል፤ አንድ ቦታ አይረጋም። ከመጠን በላይ ከተጫንከው መዞሩን ራሱ ይተዋል። ጀማሪ ቢሳሳትበት ሥራው ይዘገያል እንጂ መኪናው አይበላሽም። የሚዞረውን በእጁ ለለመደ፣ የሚወዛወዘውን ለሚጀምር። ይኸው ነው። ለይታየው ብነግረው ከአንድ ትንፋሽ አያልፍም ነበር።

አባቱ ሲሞቱ ይታየው እናቱን ብቻቸውን አልተውም ብሎ ወደ ሞጣ ተመለሰ። እዚያው ላቫጆ ሊከፍት፣ ውልወላውን በማሽን ሊጀምር አሰበ። እናቱ እትዬ አትጠገብ ጊደራቸውን ሸጡለት። እኔም ለራሴ ልገዛ አዲስ አበባ ልሄድ ነበርና ደወለልኝ። «አንተ የመረጥከውን ነው የምፈልገው» አለኝ። «እኔ እንኳ ስሙንም አላውቀው። ላንተ እንደምትገዛው አድርገህ ግዛልኝ።»

እሽ አልኩት።

ሻጩ ሁለቱንም ዓይነት ጠረጴዛው ላይ አወጣልኝ። እያንዳንዱን አነሣሁ፤ ክብደቱን፣ እጀታውን፣ ስፖንጁ የሚለጠፍበትን ሳህን አየሁ። ሻጩ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። አንዱ ለእኔ አንዱ ለጓደኛዬ አልኩት።

«ጓደኛህ ሠርቶበት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ከዚህኛው ውሰድ» ብሎ የሚወዛወዘውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

የማያውቀኝ ሰው እንኳ ለይታየው አሰበለት። እኔ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ አልኩ። ከሚዞሩትም ውስጥ ፍጥነቱ የሚቀነሰውን ትቼ፣ ቁልፉ ሲነካ በአንዴ የሚፈተለከውን መረጥኩ። እጄ ላይ ይዤ አስነሥቼ ሲዘልል አይቼዋለሁ። በዋጋ አልተገደድኩም። ማንም አላሳሳተኝም፣ አልቸኮልኩም። በሕይወቴ ዕቃ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ መርጬ አላውቅም። ይታየው ደህና ማሽን ከያዘ የሞጣ መኪና ቢቸና ድረስ ምን ሊሠራ ይመጣል? ያቺ እጁ ማሽን ከጨመረች እኔን ማን ያየኛል? ሳስብ የነበረው ይኼን ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣለሁ።

የራሴን ማሽን ቢቸና አልጋዬ ሥር ደብቄ፣ የእሱን ይዤ በጋሽ ሙላት ሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ። ይታየው ካርቶኑን ሲከፍት እንደ ሕፃን ነበር። የእኔ የት እንዳለ ሲጠይቀኝ፣ ብር አልሞላልኝም፣ ሌላ ጊዜ እገዛለሁ አልኩት። «በል ያንተ እስኪመጣ በእኔው እየተመላለስክ ሥራ» አለኝ። እትዬ አትጠገብ ጠበል የያዘ ጠርሙስ ይዘው ወጡ።

«እማ፣ ኤሌክትሪክ ነው እኮ፤ ውኃ ከገባው ይበላሻል።»

«ጠበል ውኃ ነው እንዴ? ኧረ ዞር በልልኝ» አሉትና ጠበሉን በአውራ ጣታቸው እጀታው ላይ ብቻ አስነኩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሲመርቁ ጎንበስ ብሎ መቀበል ነው እንጂ በእኛ ዘንድ ሌላ ምን አለ? ጎንበስ አልኩ።

«እጅህ ይባረክ። ለልጄ እንዳሰብክለት እግዜር ላንተም ያስብልህ» አሉኝ።

አሜን አልኩ። ሰምቼው፣ ገብቶኝ፣ ምን እንደሆነ እያወቅኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሜን አልኩ።

ይታየው በጥቂት አሮጌ መኪኖች ላይ ሞከረው። ነጭ ስለነበሩ ማሽኑ የጣለው ጠባሳ ጎልቶ አልታየም፤ እሱም ለመደው መሰለው። የሠርግ ወቅት ሲመጣ ከሞጣ ነጋዴዎች አንዱ ልጃቸውን ሊድሩ ሙሽሮቹ የሚሄዱበትን ጥቁር አውቶሞቢል አመጡለት። ጥቁር ቀለም ምንም አይደብቅም። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ደወለልኝ። ፈርቷል፤ ሲፈራ ያወራል።

«ወንድሜ፣ እንደ መስታወት ነው የሚያበራው፣ ፊቴን አየሁበት። ፊቴም አላማረኝም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ፣ «ጥቁር ላይ የተለየ ጥንቃቄ አለ እንዴ? ጠርዙ ላይ፣ ምኑ ላይ?» አለኝ።

ቀለም ቀቢዎች የሚለጥፉትን የወረቀት ፕላስተር ጠርዙ ላይ ለጥፍ ማለት ይበቃ ነበር። ማሽኑን አንድ ቦታ አታቁመው፣ ጠርዙን በእጅህ ጨርሰው ማለትም ይበቃ ነበር። ያን ሰዓት የራሴ ማሽን እጄ ላይ ነበረች፤ የአንድ ደንበኛን መኪና በር እየሠራሁባት፣ የበሩን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኜ።

«የለም» አልኩት።

በማግስቱ እየሮጠ በሚናገር ሰው ድምፅ ደወለ። ና አለኝ፤ ሄድኩ። የኮፈኑ ጠርዝ ላይ፣ በሁለቱም የፊት በሮች መስመር ላይ ጥቁሩ አልቆ ግራጫው ወጥቷል። እንዲህ ያለውን ማንም በውልወላ አይመልሰውም፤ ቀለም መቀባት ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜ የለም። ነጋዴው አልጮኹም። «ምን አድርጌህ ነው፣ በልጄ ሠርግ ቀን?» ብቻ ነው ያሉት። ይታየው ባዶ ጄሪካን ላይ ተቀምጦ መዳፉን ይመለከት ነበር።

እኔ አዳኝ ሆንኩ። ለማስጌጫ የመጣውን ነጭ ሪባን አስተካክዬ ልክ በተቃጠለው መስመር ላይ ወጠርኩት፤ አበባውን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አሰርኩት። ጠጋ ብሎ ያላየ ሰው አያውቅም። ነጋዴው አመሰገኑኝ። ጋሽ ሙላት አጅበው ሊሄዱ መጥተው ነበር፤ ትከሻዬን ቸብ አድርገው፣ «ዝምታው፣ ለካ አንተ ነህ ሰውየው» አሉኝ። የፈለግኩትን ቃል በሰው ፊት አገኘሁት። ጣዕም እንደነበረው አልክድም።

«እጄ ነው» አለኝ ይታየው ማታ። «ማሽኑማ አንተ የመረጥከው ነው። እጄ ነው እንጂ።»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ማንም አይጠረጥረውም። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው። መኪናው በኋላ ተቀባ። ይታየው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ እጁ አላመነም። የሚያበራውን እጅ፣ ጨርቅ ብቻ ይዞ ሚኒባስ የሚያስቀውን እጅ፣ እርኩስ ነው ብሎ ተወው። እትዬ አትጠገብ፣ «የኔ ልጅ እጁ አልታደለም፤ አንተ ባትኖርለት ምን ይውጠው ነበር» ብለው ደግመው መረቁኝ። ደግሜ አሜን አልኩ።

ይታየው ላቫጆውን ዘጋ፤ ማሽኑን ለብረት በር ሠሪ ሰጠው። አይሱዙ ላይ ረዳት ሆነ። እህል ጭነው ወደ ደጀን ሲወርዱ በቢቸና ያልፋል። ለረጅም ጊዜ ሳይወርድ እጁን እያውለበለበ ብቻ ነበር የሚያልፈው።

ባለፈው ክረምት ጎማ ተንፍሶባቸው ቆሙ። ሾፌሩ ጎማውን እያስነፋ ሳለ ይታየው ወደ እኔ መጣ። ማሽኔን ልደብቃት ጊዜ አልነበረኝም፤ የአንድ ሰው መኪና ኮፈን ላይ ተቀምጣ ነበር። ተቃቅፈን ሰላም ተባባልን፤ ስለ እናቱ ጠየቅኩት። ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነው።

«ልያዛት?» አለኝ።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። መጀመሪያ እንደ እባብ አያያዝ ነበር የያዛት። አስነሣት። እየተወዛወዘች ኮፈኑ ላይ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ረገበ፤ ትንሽ ቆይቶ ማዜም ጀመረ። እኔ ግማሽ ቀን የምለፋበትን ቦታ ሲያጠራው ቆሜ አየሁ። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ራሱ ቀስ አለ፤ ማንም ሳያስተምረው። አጠፋትና ጎንበስ ብሎ ፊቱን በኮፈኑ ላይ ተመለከተ።

«እጄ ደህና ነው ለካ» አለ።

ከዚያ ማሽኗን አገላብጦ አያት። እጀታዋ ከብዙ ሥራ የተነሣ ተልጧል፤ አዲስ አለመሆኗን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሳያየኝ ጠየቀኝ። «ያኔ ስትገዛልኝ እንዲህ ያለ መኖሩን ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር» አልኩት።

ማሽኗን በቀስታ ኮፈኑ ላይ አስቀመጣትና ገመዷን ጠቀለለላት። «በቃ፣ ሁለታችንም አላወቅንም» አለ፤ ሳቅም አለ። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ጋሽ ሙላት ፊት፣ ጥላው እሱ ጋ ነው ብሎ ሲሸፍንልኝ የሳቀው ሳቅ ነው። አይሱዙው ክላክስ አደረገ፤ ሮጦ ወጣበት።

አሁን ይቅርታ እንድጠይቅ የምትጠብቅ ከሆነ አልጠይቅም። ልጅነት ነው አልልም፤ ልጅ አልነበርኩም። ቅናት አሳወረኝ አልልም፤ ከመቼውም የበለጠ አይ ነበር። ለይታየው እንዳሰብኩለት እንዲታሰብልኝ ሁለት ጊዜ አሜን ብያለሁ፤ የሚመጣውን እጠብቃለሁ። እሱ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ፣ ውሸቴን ተቀብሎኝ፣ እንደገና ሸፍኖልኝ ሄዷል። መልሱን በሰው ፊት ልስጠው።

ይታየው፣ አውቅ ነበር።